ደንገሉ ዘንድሮ ያዘ፤ አጥሩ ግን ሊያሸብተኝ ነው

ሐይቁ ዳር የተከልኩት ደንገል፣ ያ ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውኃ ዳር ተክል፣ ይዟል። ክረምቱን አለፈ፣ ጥቅምት ላይ ጣና ጢም ብሎ ሲሞላም ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ አንዳንዱማ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ጉራ ነው ካላችሁ አዎ፣ ጉራ ነው፤ ይገባኛል። ግን የምጽፈው ለጉራ ብቻ አይደለም። ትናንት ስሄድ ማዕበሉን እንዲሰብርለት ከፊቱ ያቆምኩት የጭራሮ አጥር አንዱ ጫፉ ተንዶ ጠበቀኝ። ተናደድኩ፣ የሚሰማኝ ሰው አማረኝ፣ እናንተ ትዝ አላችሁኝ።

ለአዲሶቹ፦ አጎቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ቁራሽ መሬት አለው። ዳርቻው በየዓመቱ እየተናደ ነው፤ ደንገሉን የተከልኩትም ይህን እንዲይዝልኝ ነው። ድሮ ከብት ይታሰርበት የነበረው ሾላ ዛሬ ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ሥር ማዕበሉ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ሕፃን ልጅ ገብቶ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚለው ያው ጋቢዮን ነው፤ ድንጋይ በሽቦ አስሮ መደርደር። የጋቢዮን ጠላት አይደለሁም። መንገድ ወይም ድልድይ ሊናድ ከሆነ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ለእርሻ ዳር ግን አይዋጥልኝም። ማዕበል ግድግዳ ሲገጥመው ተመልሶ ከግድግዳው እግር ሥር ያለውን አሸዋና ጭቃ ይዝቃል፣ ግድግዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ ከበፊቱ ብሶበት ይቆያል። ወጪውን ተዉት።

ንባቡን ቶሎ ልለፈው። ማዕበልን በተክል ስለመስበር ብዙ የተጻፈው ውቅያኖስ ዳር ስላሉ አገሮች ነው። ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ መቶ ሜትር ያህል ስፋት ካለው የማዕበሉን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ እንዲህ የተራራቀው የዛፉ ጥግግትና የውኃው ጥልቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ግን የጎረቤታችንን የኤርትራን ነው። ጎርደን ሳቶ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ማንግሮቭ ተከለ። ማንግሮቭ በዚያ ጠረፍ የሚበቅለው ከየብስ ጎርፍ በሚገባበት ቦታ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ስለተረዳ፣ ማዳበሪያ ቀዳዳ ባላት ፌስታል እያደረገ ከቁራጭ ብረት ጋር ችግኙ ሥር ቀበረ። ዛፉ ባዶ በነበረው ዳርቻ በቀለ።

ከዚያ የወሰድኩት ጥያቄውን ነው፤ እዚህ ቦታ ምን ጎድሎ ነው ተክሉ የማይዘው? እኛ ጋ ማዳበሪያ አልጎደለም። ጎርፉ ከየእርሻው ሙልጭ አድርጎ ያመጣዋል፣ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም የሚፋፋውም በሱ ነው። የጎደለው ሥር እስኪሰድ ድረስ ረጋ ያለ ውኃ ነው። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያን ሁሉ መንገድ እየተገፋ የመጣ ውኃ የሚያርፈው በደቡብ በኩል ባለነው ላይ ነው። ጀልባ ነጂዎቹ ወደ ገዳማቱ በጠዋት መሄድ የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ድሮ ይህን ማዕበል የሚቀበለው ደንገሉ ነበር። አንዳንድ ሰው ደንገሉን የጨረሱት ታንኳ ሠሪዎች ናቸው ሲል እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል። አገዳው ቢታጨድ ሥሩ እስካለ ተመልሶ ይወጣል። ሥሩን የሚገድለው ማረሻ፣ እሳትና የከብት ኮቴ ነው። የውኃውም ከፍታ እንደ ድሮው አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ የዓባይ መውጫ ከተገደበ በኋላ ሐይቁ በዝናብ ብቻ መመራቱ ቀርቷል። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ተጨምሮበት ውኃው ሸሽቶ መርከቦቹ እስከ መቆም ደርሰው ነበር፣ ብዙ የደንገል ቦታም ያኔ ደርቆ ታረሰ።

ሥሩን የሰጡኝ ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ናቸው። ገጀራዬን ይዤ ወደ ውኃው ስገባ ከኋላዬ ጮሁ።

“ተው ልጄ! ከባሕሩ ወገን እንዳትነካ። ከመሬቱ ወገን ውሰድ።”

“ለምን አባባ?”

“ፊቱን ከከፈትከው ማዕበሉ መንገድ ያገኛላ! ዓሣውስ የት ይውለድ? ሥሩንም አትጠበው፣ ከነጭቃው ይሂድ።”

ከነጭቃው ሄደ። በጆንያ አድርገን በጋሪ ወሰድነው። አገዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ቆርጬ፣ አዲስ ቀንበጥ ያለበትን ሥር ብቻ እየለየሁ መጋቢት ላይ ውኃው ጫፍ ተከልኩ። ጊዜው ወሳኝ ነው። ጣና በበጋና በክረምት መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ኅዳር ላይ ብትተክሉ ውኃው ጥሎት ይሸሻል፣ ሰኔ ላይ ብትተክሉ ገና ሳያድግ ይውጠዋል። በመካከሉ ከተከላችሁ ግን እስከ ዝናቡ ድረስ በጀሪካን ውኃ ማመላለስ አለ፣ ወገብ ይቆርጣል። ከደንገሉ ኋላ አኻያ ቆርጬ ሰክቻለሁ፤ በቁሙ ሥር ያወጣል፣ ከዚህ የቀለለ ተክል አላየሁም። አፋፉ ላይ ቬቲቨር የሚባለው ሳር አለ። ቬቲቨር ሥሩ ሁለት ሦስት ሜትር ስለሚወርድ አፈር በመያዝ አይታማም፣ ማዕበል ፊት ለፊት ግን አታቁሙት፤ ቦታው እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው እንግባ።

አጥሩ ቀላል ይመስላል። ሁለት ረድፍ አጠና ትተክላለህ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ትተዋለህ፣ መሐሉን በጭራሮ ትሞላለህ። ማዕበሉ ጭራሮው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ጉልበቱ አልቋል፣ የያዘው ደለል ከአጥሩ ጀርባ ይተኛል። ቬትናሞች በሜኮንግ ዳርቻ በቀርከሃ ይሠሩታል፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደማክ ላይ በቅርንጫፍ ሠርተውታል፣ ሆላንዶችም የቆየ ልምድ አላቸው። ሥዕሉን ስታየው በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ነው።

ግን ጭራሮ ይንሳፈፋል! እርጥቡም ደረቁም። ውኃው ከፍ ሲል ሙሌቱ ተነስቶ በአጠናው አናት ላይ ይወጣና ሐይቁን ይቀላቀላል። ስለዚህ እንዲሁ መወርወር አይሆንም። ወገብ ያህል ውፍረት ባለው እስር ታስሮ፣ እየተረገጠ ገብቶ፣ ከላይ ማገር ተጋድሞበት፣ ማገሩ ከአጠናው ጋር መጠፈር አለበት። በምን ይታሰር? ሲባጎ ክረምቱን አይዘልቅም፣ ይበሰብሳል። ናይለን ገመድ ይቆያል፣ ሲበጠስ ግን ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ እነሱም ያዘኑብኝ በዚህ ነው። የማሰሪያ ሽቦ ላይ ቆሜያለሁ። ይዝጋል፣ ግን እስኪዝግ ደንገሉ ያድጋል።

አጠናው ደግሞ በመዶሻ አይገባም፤ አናቱ ይሰነጠቃል እንጂ። ጫፉን አሹሉት፣ ሁለት ሰው ይያዘውና ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ክብደቱን ይጣልበት። ጭቃው መጀመሪያ ይጨቀያል፣ ከዚያ ፏ ብሎ ይገባል፣ በነጋታው ብትነቀንቁት አይንቀሳቀስም። ከጭቃው በላይ ከሚታየው ይልቅ የተቀበረው ካልበለጠ ግን አትድከሙ። ባህር ዛፍ ውኃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ይበሰብሳል የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ይበሰብሳል። ይበስብስ! ሥራው ደንገሉ ጠንክሮ ራሱ አጥር እስኪሆን ድረስ ነው። ባህር ዛፍን በሕይወቱ ዳርቻ ላይ መትከል ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ላይ አልስማማም።

ሌላው ሙሌቱን መጠቅጠቅ ነው። አጎቴ ሥራ አይወድም እንዳይባል ጭራሮውን እስኪጨናነቅ ድረስ ሞላው። ያ ክፍል ያው የምሸሸው ግድግዳ ሆነ፣ ከፊቱ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አጠናዎቹ ተንገዳገዱ። አጥሩ ወንፊት መሆን አለበት። እኔ የምለካው በእጄ ነው፤ ከአንድ ወገን ጣቶቼን ሳስገባ ሳይቧጥጠኝ ግማሽ ክንዴ መግባት አለበት።

ትናንት የተናደው ጫፍ ታሪክ ግን እምቦጭ ነው። ነፋሱ አንድ ትልቅ ክምር ገፍቶ አምጥቶ አጥሩ ላይ ለጠፈው፣ ማዕበሉ ደግሞ ክምሩን ከኋላ ሲገፋው ውሎ አደረ። ጭራሮ ውኃን ያሳልፋል፣ እምቦጭ ግን ቀዳዳውን ሁሉ ደፈነው። “እምቦጩም እኮ ማዕበል ይሰብራል፣ ለምን አትተወውም?” ያለኝ ጓደኛ አለ። ይሰብራል፣ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ። ነፋሱ ሲዞር ተነስቶ ይሄዳል፣ ሲሄድም የያዘውን ችግኝ ነቅሎ ነው፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ለሙሌትም አትጠቀሙበት። አውጥታችሁ ከውኃው ርቆ አድርቁት፣ በቃ።

ያልፈታሁት ከብቱን ነው። በበጋ ሌላው መስክ ሲደርቅ ለምለም የሚቀረው ሐይቁ ዳር ብቻ ነው፣ የመንደሩ ከብት ሁሉ ወደዚያው ነው። ለእረኛ ሕፃን ልጅ “ይህ ተፈጥሯዊ የጎርፍ መከላከያ ነው” ብትለው ይስቅብሃል፣ እውነቱን ነው። አጎቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና አስፈልቶ ተነጋግሯል፤ አፋፉ ላይ ያለውን ሳር አጭደው ይውሰዱ፣ ከብት ግን አይግባ ተባብለዋል። እስካሁን ሁለት ቤት ጠብቋል፣ ሦስተኛው በሬው ገመድ በጥሶ ነው ይላል። በሬው በየሳምንቱ ነው ገመድ የሚበጥሰው። በሐይቁ ሌላ ዳር ፎገራም ደንቢያም ያላችሁ ልጆች፣ እናንተ ጋ ከብቱን በምን ያዛችሁት?

ቅዳሜ አጠና አስጭኜ እሄዳለሁ። የተናደውን ጫፍ ወደ መሬት አጥፌ፣ ሙሌቱን ወደ መጨረሻው እያሳሳሁ ነው የማቆመው፣ እምቦጩ ተንሸራትቶ እንዲያልፍ። መምጣት የምትፈልጉ ዶማና ገጀራ እኔ ጋ አለ። ቦቲ ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ በባዶ እግር ማንንም አላስገባም።