የብሩስ ስሎስ የመጨረሻ ጨዋታ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካነበብኩት ሁሉ ከልቤ አልወጣ ያለኝ የብሩስ ስሎስ ታሪክ ነው። ስሎስ በሜልበርን ከተማ ለሳውዝ ሜልበርን ክለብ ይሰለፍ የነበረ፣ ሞላላ ኳስ በእጅም በእግርም በሚቀባበሉበት በአውስትራሊያ እግር ኳስ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ነበር። በ1914፣ ጦርነቱ በፈነዳ በሁለተኛው ወር፣ ክለቡ የፍጻሜውን ጨዋታ በካርልተን የተሸነፈው በ6 ነጥብ ብቻ ሲሆን ይህ በዚያ ጨዋታ ሕግ የአንዲት ጎል ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ስሎስ ወታደር ሆነ፤ በመትረየስ ክፍልም መኮንንነት አገለገለ።

ደጋግሜ የማስበው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 28 ቀን 1916 ለንደን ውስጥ በኩዊንስ ክለብ ሜዳ ስለተደረገው ጨዋታ ነው። ወደ ፈረንሳይ ግንባር ሊዘምት የተቃረበው ሦስተኛው የአውስትራሊያ ክፍለ ጦር ከማሠልጠኛ ክፍሎች ቡድን ጋር ተጋጠመ፤ የክፍለ ጦሩ አምበል ስሎስ ነበር፤ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽም ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። የስሎስ ቡድን 52 ለ36 አሸነፈ። በዚያው ዕለት አውስትራሊያ ውስጥ ሕዝቡ ወጣቶች በግዳጅ ይዝመቱ ወይስ አይዝመቱ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ፤ የብዙኃኑም መልስ አይዝመቱ የሚል ሆነ።

በሜዳው ላይ የነበሩት ሁሉ በፈቃዳቸው የዘመቱ ናቸው። ሆኖም ፈቃድ የሚለውን እንዲሁ ለመቀበል እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም በሜልበርን ጎረምሶች ግንባር ሳይሄዱ ኳስ መጫወታቸው እንደ ነውር ይነገርባቸው ነበር፤ በ1916 በሊጉ የቀሩት አራት ክለቦች ብቻ ሲሆኑ ሳውዝ ሜልበርን ራሱ አልተሰለፈም። አገር በድምፅ አላስገድድም ብትልም፣ የጎረቤት ዓይንና የጋዜጣ ወቀሳ ከማንኛውም አዋጅ በፊት ደርሰው ነበር። ስሎስን የገፋፋው ይህ ይሁን የራሱ እምነት ልፈርድ አልችልም፤ ከድፍረቱ ላይም የምቀንሰው ነገር የለም።

ከጨዋታው አሥር ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1917፣ በሰሜን ፈረንሳይ በአርማንቲዬር አቅራቢያ ተገደለ። ዕድሜው 27 ነበር። በዚያው ሜዳ ከተቃራኒው ቡድን ጋር የተሰለፈው የፊትዝሮይ ክለቡ ጃክ ኩፐር ደግሞ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ቤልጅየም ውስጥ ወደቀ፤ ለንደን ላይ የተጋጠሙት ሰዎች ሁለተኛ ተገናኝተው መጫወት የሚችሉበት ዕድል በዚሁ ተዘጋ።