ባሕር በሌለበት የሰመጠች መንደር፦ ከጣርማበር ሥር የተሰጠ ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መሬቱ መንደራችንን ይዞ መንሸራተት ሲጀምር «ከዚህ ቁልቁለት ነፍሳችንን ብታወጣ እንመሰክራለን» ብለን በምህላ ተስለን ነበር። ስእለት ዕዳ ነው፤ ይህን የምንጽፈው ዕዳችንን ለመክፈል ነው። የማን ቤት ቀድሞ እንደፈረሰ፣ ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ አንተርክም። ብዙ ጊዜ ምስክርነት ሲሰጥ ተአምሩ ይነገርና የተወጣበት መንገድ ይዘለላል። የሚሰማውም ሰው «ለእነሱ የደረሰ ለእኔም ይደርሳል» ብሎ በተሰነጠቀ መሬት ላይ ይተኛል። እኛ መንገዱን በሜትርና በሴንቲ ሜትር እንናገራለን።

የጸለይነው መሬቱ እንዲቆም ነበር። ሰባት ቀን ምህላ ይዘን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አልን፤ መሬቱ ግን አልቆመም። መንደሪቱ ሄደች። ከሰዎቿ አንድም ነፍስ አልጎደለም። ጸሎቱ የተመለሰው እንደለመንነው አይደለም፤ ምልክቱን እንድናይ፣ አይተንም እንድንነሣ በመደረጉ ነው።

አገሩን ለማያውቅ፦ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማበር ሲደረስ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ደጋው እዚያ ላይ ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወድቃል። መንገደኛው መኪና አቁሞ ቆሎ ሲገዛ ዓይኑ ቆሎው ላይ ነው እንጂ ቁልቁለቱን አያየውም። ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ የሚባሉት ቦታዎች የመሬት መንሸራተት የደረሰባቸው እዚሁ አካባቢ ነው። በሳተላይት ምስል ተለክቶ እንደታወቀው፣ የዋናው ናዳ ስፋት 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የ1997 ዓ.ም. ክረምት እንደወጣ መሬቱ እስከ 48 ሜትር ያህል ወደ ጎን ተጓዘ፤ በዓመቱ ደግሞ ከሚቀጥለው ክረምት በኋላ እስከ 114 ሜትር ያህል። ቤት፣ ማሳ፣ አጥር፣ የእግር መንገድ ሁሉ በአንድ ላይ። የእኛዋ መንደር ትንሽ ናት፤ ስሟም እዚያ ውስጥ አይቆጠርም፤ የመሬቱ ጠባይ ግን አንድ ነው።

ጠባዩ ይህ ነው። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውኃ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ከሥሩ አመድማ ድንጋይ አለ፤ እሱም በዘመን ብዛት በስብሶ ወደ ሸክላ አፈር ተለውጧል። ውኃው እዚያ ሲደርስ መውረጃ ያጣል፤ ይጠራቀማል፤ ከላይ ያለውን ሸክም ከሥር ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል። ይህ በአንድ ቀን ዶፍ አይሆንም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲያልፉ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ አደይ ሲፈነዳ «ተረፍን» ይባላል፤ ተራራው ግን ውኃውን ጠጥቶ የጨረሰው ገና ያኔ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ታላላቅ እንቅስቃሴዎችም የመጡት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ለእንቁጣጣሽ ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው በክፉ ሰዓት ይመለሳል።

ባሕር የበላቸውን መንደሮች ፎቶ ያዩ ልጆቻችን «የእኛን ይመስላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በእንግሊዝ፣ በደቡብ ዴቨን ባሕር ዳር፣ ሃልሳንድስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ለፕሊመዝ የባሕር ኃይል ወደብ ማስፋፊያ ሲባል ከፊት ለፊቷ ጠጠር በብዛት ተዛቀ። ያ ጠጠር የማዕበሉ መከታ ነበር። በ1902 መዛቁን ቢያስቆሙትም የተወሰደው አልተመለሰም፤ በጃንዋሪ 26 ቀን 1917 የምሥራቅ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት ጋር ገጥሞ ቤቶቹን አፈራረሳቸው። ለመኖሪያ የበቃ አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ሰው ግን አልሞተም፤ ይህን ስንሰማ «እነሱም ምስክር አላቸው» ብለናል። ጠጠሩ ለእነሱ የነበረውን ያህል ለእኛ የቁልቁለቱ እግር ነው። ወንዙ ግርጌውን ሲበላው፣ ወይም ለመንገድና ለድንጋይ ተብሎ ግርጌው ሲቆረጥ፣ ላይኛው መደገፊያ ያጣል። ከእግሩ አፈር የሚወስድ ሰው ከጎረቤቱ ግድግዳ ድንጋይ እንደሚነቅል ቁጠሩት።

ምልክቶቹን እንናገር። መጀመሪያ የሚታየው ከመንደሩ በላይ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች የሚያዩ። ፀሐይ የሰነጠቀው ጥቁር መረሬ መሬት መረብ ይመስላል፤ ይህኛው ግን አንድ ረጅም መስመር ነው፤ ማሳውንም አጥሩንም አይመርጥም። ሁለተኛ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ መቃኑን ነክሶ አልዘጋ ይላል። ሦስተኛ፣ ዛፍ ወደ ተራራው ወይም ወደ ገደሉ ያዘማል። አራተኛውና ትልቁ ምንጭ ነው፤ ይደፈርሳል፣ ይጠፋል፣ ወይም ባልነበረበት ቦታ ይፈልቃል። ጸበሉ ሲደፈርስ ንስሐ መግባት መልካም ነው፤ ግን በዚያው ቀን ከጸበሉ በላይ ያለውን መሬት ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ሌሊት ሥር ሲበጠስ የሚሰማ ድምፅ ደግሞ አለ፤ እሱን ከሰማችሁ ለመለካት ጊዜ የላችሁም።

አለካኩ ቀላል ነው፤ ስንፍና ግን አይወድም። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ሜትር ርቃችሁ የጥድ ወይም የወይራ ችካል ትከሉ፤ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ የታረሰ አፈር ላይ ከተተከለ በራሱ ያዘነብላልና ልኩ ይዋሻል። አናቱ ላይ ሚስማር ምቱ፤ ከሚስማር እስከ ሚስማር በብረት ሜትር ለኩ። በገመድ አትለኩ፤ የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል፤ ከብት ይጠልፈዋል፤ እረኛም ለጅራፍ ይወስደዋል። በስንጥቁ ርዝመት ሦስት ቦታ ይኑራችሁ። የታችኛው ችካል ስንት እንደወረደ ለማወቅ ግንበኞች የሚይዙትን ውኃ ልክ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አድርጉት። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ በደብተር። ቁም ነገሩ ስንጥቁ መስፋቱ ብቻ አይደለም፤ አሰፋፉ ነው። በቀን 1 ሴንቲ ሜትር፣ በማግሥቱም 1፣ በሦስተኛውም 1 ከሆነ ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ። 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 5 ካለ እዚያ አትደሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከተሰነጠቀ ደግሞ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፉና ቀን ጻፉበት፤ ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው ሄዷል።

ስንጥቁን ክፍት አትተዉት፤ ጎርፍ በአፉ ይጠጣበታል። ሸክላ አፈር ሙሉበት፣ ጠቅጥቁት፣ እንደ መቃብር ከፍ አድርጉት። ከበላዩ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ ወርዱ ግማሽ ሜትር ይበቃዋል፤ ውኃው ሳይተኛ እንዲሄድ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ይውረድ። መውረድ የሌለው ቦይ ምንም ካለመቆፈር ይብሳል፤ ውኃውን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያጠጣዋል። እርከንም እንዲሁ ነው። በሌላ ቦታ ውኃ የሚያቆር እርከን በረከት ነው፤ በሚንሸራተት ቁልቁለት ላይ ግን ተራራውን ማጠጣት ነው። ይህን በዘመቻ ሥራ ላይ አፍ አውጥቶ መናገር ይከብዳል፤ ተናገሩ። ባሕር ዛፍ ተክለን እናስቆመው የሚሉም አሉ። ላይ ላዩን ለሚሄድ አፈር ይረዳል፤ መንሸራተቻው ብዙ ሜትር ከጠለቀ ግን ሥሩ አይደርስበትም፤ ዛፉ ቆሞ አብሮ ይሄዳል።

ስለ አወጣጡ። ቅደም ተከተሉ ቀድሞ ካልተነገረ ሁሉም ወደ ጎተራው ይሮጣል። መጀመሪያ አራስ፣ ሕፃን፣ ሽማግሌና አሮጊት፤ ቀጥሎ ከብት፤ እህል መጨረሻ። የይዞታ ደብተር፣ የክትባት ካርድና መድኃኒት በፌስታል ተጠቅልሎ በር አጠገብ ይንጠልጠል። ደወሉ ለቅዳሴ ከሚደወለው በተለየ አደዋወል ይመታ፤ ያም በደረቅ ቀን ይለመድ። ሩጫው ወደ ታች አይደለም፤ ወንዙን ይዞም አይደለም፤ ወደ ጎን ነው፣ መሬቱ ወዳልተሰነጠቀበት ተረተር። ታቦቱ አስቀድሞ ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተነጋግሮ ይውጣ፤ ታቦቱ ሳይወጣ ሕዝቡ አይወጣም፤ ይህን የማያውቅ ባለሥልጣን በከንቱ ይለፋል። በእኛ ዘንድ ልብ ያስጨከነው ይህ ነው፦ ካህናቱ ድባብ ዘርግተው ታቦቱን ሲያወጡ «እንግዲህ እሱ ከወጣ እኛ ምን እንጠብቃለን» ተባለ።

የሚገድለው መመለስ ነው። ለቆርቆሮ ይመለሳሉ። ቆርቆሮ ዋጋ አለው፣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ልኩ መፍጠን ከመጀመሩ በፊት በቀን ይነቀል፣ አለዚያ ይተው። ለእርዳታ የሚሮጥም ይሞታል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በጎፋ የሆነው ይህ ነበር፤ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሄዱት ሰዎች ላይ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው፤ በጠቅላላው ከ200 ሰው በላይ አለቀ። አካፋ ከመያዝ በፊት አንድ ሰው ከፍ ብሎ ከበላይ ያለውን መሬት እያየ ይቁም፤ ፉጨቱ ሲሰማም ሁሉም ይሽሽ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ያልጠበቅነው ነገር የድንበር ነገር ነው። መሬት ሲሄድ የድንበር ድንጋዩም አብሮት ይሄዳል። የአንዱ ማሳ ከነጌሾው ከሌላው በታች ተገኘ፤ ደብተሩ ላይ ያለው ቦታ ገደል ሆነ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በፎቶና በምስክር ቀድሞ ካልተያዘ፣ ከናዳ የተረፈ ሰው በወሰን ይካሰሳል። አሁንም የሚካሰስ አለ።

አሮጌውን መንደር ለማየት የምትመጡ ካላችሁ፣ ኑ። የሚያስፈራ ቦታ ነው፤ አንክድም። ደረጃው አለ፣ ቤቱ የለም። ምሰሶዎች ወደ ተራራው አዘንብለዋል፤ ምክንያቱ መንፈስ አይደለም፤ መሬቱ ሲወርድ እንደ ወንበር ወደ ኋላ ተደግፎ ስለሚዞር ነው። በዚያው በተደገፈው ቦታ ውኃ ተኝቶ ኩሬ ሆኗል። ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች መንደራችን ውኃ ዳር ሆና ቀረች።

ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። የካቲት ሲገባ በልግ ሊጀምር ይችላል፤ ክረምቱንማ ተዉት። የአገሩን ሰው ይዛችሁ፣ በትር ይዛችሁ፣ ጠዋት ግቡ። ሣር የሸፈነው ስንጥቅ አለ፤ በበትር ሳትወጉ አትርገጡ። ከተቆረጠው ገደል አፋፍ አሥር ሜትር ራቁ፤ አፋፉ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ኩሬው ዳር ያለው ጭቃ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ልል ነው፤ በሬ ያሰምጣል። የተገኘ ዕቃ አታንሡ፤ ባለቤቱ በሕይወት አለ። ጸሎት ማድረስ የምትፈልጉ ከታች ሳይሆን ታቦቱ መጀመሪያ ካረፈበት ተረተር ላይ ቁሙ፤ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ መሬቱም ደረቅ ድንጋይ ነው። ጉም ከቆላው መነሣት ሲጀምር ግን፣ ፀሐይ ገና ቢሆንም፣ መንገዳችሁን ጀምሩ። ከተሸፈነ በኋላ ስንጥቁና መንገዱ አይለዩም።