የተጫነ አህያ ያልፍበታል?

ሳይክሌን ይዤ እናቴ ወደተወለደችበት መንደር የሄድኩት ከመኪና ሸሽቼ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሳይክል የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፣ ባጃጁ ባልታሰበበት ይገባል፣ አንተ መሀል ላይ ነህ። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሳገኝ ሳይክሉን አውቶቡስ ጣራ ላይ አሳስሬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ይህ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ መሄድ የሚያስብ ሰው ከዳገቱ በፊት የሰላሙን ነገር ይጠይቅ።

መንደሯ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው ያለችው። አገሩን ለማያውቅ ልንገረው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሜዳ እየመሰለ ቀስ በቀስ ወደ 3,000 ሜትር ይወጣል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ገደል ነው። ከገደሉ በታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል።

3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ዳገት መሀል ላይ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እረኛ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሳይክሉን አየ፣ እኔን አየ። «ተበላሸ?» አለኝ። ሳይክሉን ማለቱ ነበር መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ቀን በዋናው መንገድ ነዳሁ። ሞኝነት ነበር። አይሱዙ ሲያልፍ አቧራው ለአምስት ደቂቃ አይበተንም። ማታ ፊቴን ስታጠብ አጎቴን «ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ መኪና የማይሄድበት መንገድ አለ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «መኪና የሚሄድበትን ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ አንድ ነው።»

እውነታቸውን ነው። መንገድ ጠፍቶ አይደለም፣ እኔ ነኝ መንገድ ስል መኪና የሚታየኝ። ከቤታቸው ጓሮ ብቻ አምስት መንገድ ይነሣል። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ወደ ወፍጮ፣ አንዱ ወደ ወንዝ፣ ሁለቱ ወደተለያየ ገበያ። ስልኬ ላይ የሳተላይት ካርታ አውርጄ ነበር የሄድኩት። ከላይ ሲታዩ እነዚህ መንገዶች ነጫጭ ክር ይመስላሉ፣ ከጎጥ ጎጥ ይያያዛሉ። ችግሩ ሳተላይቱ ሁሉንም አንድ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ለጥ ያለውም ገደል የሚወርደውም ያው ነጭ ክር ነው።

ስለዚህ ሰው መጠየቅ የግድ ነው። መጠየቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያወቅኩት ተቀጥቼ ነው። በሁለተኛው ቀን «ሩቅ ነው?» እያልኩ ጠየቅኩ። ሁሉም «ኧረ ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት» እያሉ በአገጫቸው አሳዩኝ። እዚችው የተባለችው ቦታ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀችብኝ፣ ግማሹን ሳይክሉን ተሸክሜ። ሰዎቹ አልዋሹም። በእነሱ እግር ቅርብ ነው። «መንገዱ ጥሩ ነው?» የሚለውም አይጠቅምም። ጥሩ ነው ይሉሃል። ለሰው ጥሩ ነው እኮ።

ያዳኑኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ገብስ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዱ ከፊቴ መጡ። አባባ፣ በዚህ በኩል በሳይክል ይኬዳል ወይ ብላቸው ቆም ብለው አሰቡ። ሳይክል የሚችለውን አያውቁም፣ ስለዚህ በሚያውቁት መለሱልኝ። «የተጫነ አህያ ያልፍበታል። ወንዟ ጋ ስትደርስ ግን ጭነት ይወርዳል።»

በዚያች መልስ ነው ቀሪውን ሳምንት የኖርኩት። ወንዟ ጋ ስደርስ በእርግጥም ዳርቻው አለት ነበር። ወርጄ ሻንጣዎቹን ፈታሁ፣ ለየብቻ አሻገርኩ፣ እንደገና አሰርኩ። ከዚያ በፊትና በኋላ ግን ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሳልወርድ ነዳሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ አንድ ሆነ፦ የተጫነ አህያ ያልፍበታል? «ጋሪም ይሄዳል» ካሉኝ ያ ለእኔ አስፋልት ነው። «አህያ ያልፋል» ካሉ ይነዳል፣ በቀላል ማርሽ ቢሆንም። «በቅሎ ትሄዳለች፣ ግን ተወርዶ ነው» ካሉ እገፋለሁ። «ሰው ይሄዳል» ብቻ ካሉ አመስግኜ እመለሳለሁ። ደግሞ የአህያ መንገድ ቀጥ ብሎ ዳገት አይወጣም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ጭነት የለመደ እንስሳ ጉልበቱን አያባክንም።

የገበያ ቀንንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ሕዝቡ ሁሉ ወደ ገበያ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ቤት። መንገዷ ጠባብ ናት። አህያ በሳይክል ደንብሮ ጭነቱን ቢጥል ጥፋቱ የአንተ ነው። ስለዚህ አህያ ስታይ ወርደህ፣ ከገደሉ በተቃራኒ በኩል ቆመህ፣ አሳልፈህ ትሄዳለህ። ሰላምታውም መንገድ ያስከፍታል። «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል የሚያልፍ ሰው እዚያ አገር አይወደድም። ውሻ ከመጣም እንደዚያው ነው። ከሮጥክ ያባርርሃል። ወርደህ ሳይክሉን መሀላችሁ አድርገህ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስትል ያፈገፍጋል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ሳይክሌ ተራ ማውንቴን ነው፣ ፊት 22 ጥርስ፣ ኋላ 34። ከዚያ የከበደ ማርሽ ይዞ መሄድ ጉልበትን መጥላት ነው። ጎሚስታ ደብረ ብርሃን እንጂ እዚያ የለም፣ ሁለት ካላማዳሪና ፖምፓ ይያዝ። ስንቅ ደግሞ በሶ። ውድ የስፖርተኛ ምግብ ገዝቼ ሄጄ ነበር፣ አክስቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና የበሶ ዱቄት ቋጠረችልኝ። በውኃ በጥብጠህ ትጠጣለህ፣ ሁለት ሰዓት ያስኬድሃል። ኅዳር ጥሩ ወር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ገብሱ ይታጨዳል። ሌሊት ግን ውርጭ አለ። በክረምት አልሞክረውም፣ መረሬው ጎማ ላይ ተጣብቆ ተሽከርካሪውን ያቆመዋል ይላሉ።

ትልቁ ስህተቴ አልዩ አምባ ወደምትባል የቆላ ከተማ መውረዴ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ነው፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ይወረዳል። መንገዱ የድሮ የነጋዴ ቅፍለት መንገድ ነው። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ጭነት፣ የአፋሩም ጨው በዚያ ነበር ወደ አንኮበር የሚወጣው። በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣው የእንግሊዝ ልዑክም በዚያው ነው የወጣው። ግመሉ ከታች ይቀራል፣ ዳገቱን የሚወጣው አህያና በቅሎ ነው። ይህን ሳስብ ደስ አለኝና ለነገ ማለት አቃተኝ። ጠዋት ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይቼ፣ ጉሙ ሳይነሣ ቁልቁል ለቀቅኩት።

ቁልቁለቱ የማይረሳ ነው። ገብሱ ይቀርና ጤፍ ይመጣል፣ ጤፉ ይቀርና ማሽላ ይመጣል። ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ፍሬኔ መጮህ ጀመረ። የፍሬኑን ጎማ ጉዞው ሊጀመር ሲል ነበር አዲስ የቀየርኩት። አዲስ ነው ብሎ የሸጠልኝ ሰው ምን እንደሸጠልኝ እሱ ያውቃል። ወርጄ ሳየው ተበልቶ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀ ነው። ቀሪውን በእግሬ ወረድኩ። ቆላው ውስጥ ደግሞ በአንድ ሰዓት ሁለቴ እሾህ ወጋኝ። ደጋው ላይ አራት ቀን ስነዳ አንዴም አልተነፈሰም ነበር።

አልዩ አምባ የአርጎባዎች አገር ናት። አንድ ሸማኔ ደጃፍ ላይ ጥላ ስር አስቀመጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ የወረድኩበትን ዳገት አሳየኋቸው። «በዚህ ነው የምትመለሰው?» አሉኝ። አልመለስኩም። የሸሸሁት አይሱዙ ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ መሀል፣ ሳይክሌን አቅፌ አንኮበር ወጣሁ። ሾፌሩ ለእኔ አስከፍሎ ለሳይክሉ አላስከፈለም። «እሱ ምን አጠፋ» አለ።

አሁንም በየዓመቱ እሄዳለሁ ለማለት ደስ ባለኝ፣ ግን ከዚያ ወዲህ የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። በመጨረሻው ጉዞዬ ሳልጠይቃቸው አጎቴ ራሳቸው መንገድ ይመርጡልኝ ጀመር። ከገደሉ ጫፍ ጫፍ ይዞ ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ ስለሚሄደው ጠየቅኳቸው። የተጫነ አህያ ያልፍበታል ወይ?

«አህያስ ያልፋል» አሉ። «የሚነዳው ሰው ነው የሚፈራው።»

እሱን እስካሁን አልሞከርኩትም።