የእሁዱን ሩጫ ትቼዋለሁ

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል ተነስቼ በሐይቁ ዳር ቀስ ብዬ ሶምሶማ ሞከርኩ። ሰውነቴ ሲሞቅ የቅልጥሜ ሕመም ይለቀኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰበት።

ቁጭ አልኩና ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ ቅልጥሜን በአውራ ጣቴ ከላይ ወደ ታች ተጫንኩት። ምንም የለም፣ ምንም የለም... ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ስደርስ ግን ጮህኩ። ያኔ ወሰንኩ። ሕመሙ በቅልጥሙ ርዝመት የተዘረጋና ሲሞቁ የሚቀል ከሆነ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ነው። አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲሮጡ የሚብስ ከሆነ ግን አጥንቱ ራሱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ይሄ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። እየተሮጠበት ከቀጠለ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል። የእሁዱ ሩጫ ደግሞ 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀላል አይደለም።

አብረውኝ የሚሮጡት ልጆች «ማስታገሻ ውጠህ ግባ» አሉኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማስታገሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አጥንት አይጠግንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 የኒውዮርክ ማራቶንን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጥቷል። ኃይሌ ካቋረጠ እኔ ለምን አልቀርም?

ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጭቃ የተለማመድኩት ለዚህ ቀን ነበር።

እሁድ መንገድ ዳር ቆሜ ለልጆቹ ውሃ አቀብላለሁ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ የሯጭ እግር የሚያውቅ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።