በክሪኬት የሚቃጠል ካሎሪ፦ ሰዓቱን ወይስ ሥራውን እንቁጠር?

ክሪኬት (አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው ያላቸው ሁለት ቡድኖች እየተፈራረቁ አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ላይ የተቃጠለ ካሎሪ ሲገመት የተለመደው መንገድ የጨዋታውን ርዝመት የየእንቅስቃሴውን ጉልበት በሚዘረዝር ሰንጠረዥ ላይ በተጻፈ ቁጥር ማባዛት ነው። ሰንጠረዡ መምታትን፣ መወርወርንና ሜዳ ላይ ኳስ መጠበቅን ጠቅልሎ 4.8 ሜት ይላቸዋል። አንድ ሜት አርፎ የተቀመጠ ሰው የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በሰዓት 336 ይደርሰዋል። በተለምዶ ካሎሪ የምንለውም ይህንኑ ኪሎ ካሎሪ ነው። መሣሪያው በኪሎ ጁል የሚያሳይ ከሆነ ለ4.184 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ከአራት እጥፍ በላይ አቃጠልኩ ብሎ ይደሰታል።

ችግሩ የሚመጣው 336ቱ በጨዋታው ርዝመት ሲባዛ ነው። አንዱ ቡድን በሚመታበት ጊዜ ከአሥራ አንዱ ሜዳ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱም ተራው ሳይደርሰው ጨዋታው ያልቃል። ቁጭ ያለ ሰው 1.3 ሜት ነው፤ የእግርና የእጅ መከላከያ ትጥቁን ስላደረገ አይጨመርለትም። እ.ኤ.አ. በ1955 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የቴስት ክሪኬት (ለቀናት የሚዘልቀው ዓይነት) ግምት ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ በሰዓት 86 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነበር። 1.8 ካሬ ሜትር ለሆነ ሰው 155 ይመጣል፤ የሰንጠረዡን ግማሽ እንኳን አይሞላም።

እኔ የምመርጠው ደቂቃውን በሥራ መከፋፈል ነው። የ20 ኦቨር ግጥሚያ (አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ መወርወር ነው) ለእያንዳንዱ ቡድን 85 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ደግሞ 20 ደቂቃ ዕረፍት፣ በድምሩ 190 ደቂቃ ይሁን። ያው 70 ኪሎ ተጫዋች አራት ኦቨር ቢወረውር፣ አንዱ ኦቨር አራት ደቂቃ ከፈጀ፣ 16 ደቂቃ ነው፤ በ7 ሜት 131 ካሎሪ። የቀረውን 69 ደቂቃ ሜዳ ላይ ኳስ ይጠብቃል፤ በ3 ሜት 242። 25 ደቂቃ ይመታል፤ በ6 ሜት 175። 60 ደቂቃ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ 91። ዕረፍቱ በ1.5 ሜት 35። ሲደመር 674 ነው። በሰንጠረዡ ብቻ ቢሰላ 1064 ይሆን ነበር። 7፣ 6 እና 3 የእኔ ምደባ ናቸው፤ ጨዋታው ከቀዘቀዘ ዝቅ፣ ከጦፈ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ገና አላለቀም። ያ ሰው ቤቱ ቢተኛም በ190 ደቂቃ ውስጥ 222 ካሎሪ ገደማ ያወጣ ነበር። ክሪኬቱ የጨመረለት 452 ብቻ ነው። በጨዋታው ልክ እበላለሁ የሚል ሰው መያዝ ያለበት ይህን የተጣራውን ቁጥር ነው፤ 1064ቱን ይዞ ማዕድ የቀረበ ሰው ለምን እንደወፈረ አይገባውም።

የመቺውን ነገር ከነጥቡ ላይ ማንበብ አይቻልም። ሁለቱ መቺዎች ጫፍ ለጫፍ ቦታ ተቀያይረው በሮጡ ቁጥር አንድ ነጥብ ይመዘገባል። በዊኬቶቹ (በሁለቱ ጫፍ በተተከሉት እንጨቶች) መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ቢሆንም የሚሮጠው ከመስመር እስከ መስመር ያለው 17.68 ሜትር ነው። 50 ነጥብ አስቆጥሮ ከምቶቹ ስድስቱ ባለ አራት፣ ሁለቱ ባለ ስድስት ነጥብ (ኳሱ ከሜዳው ድንበር የወጣባቸው) ከሆኑ 36ቱ ያለሩጫ የመጡ ናቸው ማለት ነው፤ የሮጠው ለ14ቱ ነው። በሌላ በኩል ጓደኛው በሩጫ ላመጣው 20 ነጥብም አብሮ ሮጧል፤ ይህ በስሙ አይመዘገብም። 34 ጊዜ 17.68 ሲባዛ 601 ሜትር ነው። ቀጥ ያለ ሩጫ ለአንድ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ያህል ስለሚፈጅ 42 ካሎሪ ይወጣል። መነሳቱ፣ መቆሙና ዞሮ መመለሱ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚበላ እኔ በእጥፍ እይዘዋለሁ፤ የመከላከያውም ክብደት አለ።

ወርዋሪው ላይ ልዩነቱን የሚያመጣው መንደርደሪያው ነው። 20 ሜትር የሚንደረደር ፈጣን ወርዋሪ በ24 ኳስ 480 ሜትር ይሮጣል፤ ያንኑ ያህል በእግሩ ይመለሳል። ኳስ የሚያሽከረክረው ግን አምስት ሜትር ከሄደ ይበቃዋል፤ ለእርሱ 7 ሜት ይበዛል፣ 4 ይሻላል። ከመቺው ጀርባ ያለው ዊኬት ጠባቂ ቆሞ የሚውል ይመስላል እንጂ ለ120ው ኳስ ሁሉ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል፤ ከመስመር ወጥቶ የተደገመ ኳስ ካለ ደግሞ ይጨምራል። ለእርሱ ከ3 በላይ ይገባል።

የእጅ ሰዓቱን ለብቻው አላምነውም። የሰንሰሩ ብርሃን በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ነው የሚያነበው፤ መቺ ዱላውን ጨብጦ የእጅ አንጓውን ሲያጣምም፣ ጓንቱም ሰዓቱን ሲገፋው ንባቡ ይዘላል። ደረት ላይ የሚታሰረው ይሻላል፤ ግን እሱም የሚቆጥረው የልብ ምት እንጂ ጉልበት አይደለም። ፀሐይ ላይ ላብ የጨረሰው ሰው ሳይንቀሳቀስም ልቡ በፍጥነት ይመታል። ፈጣን ኳስ የሚጠብቅ መቺም በፍርሃት ብቻ ምቱ ይጨምራል። ሰዓቱ ሁለቱንም ካሎሪ ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ከጨዋታ በኋላ ሚዛን ላይ መውጣትም አይረዳም። አንድ ኪሎ ቀንሶ ከታየ ማለት ይቻላል ሁሉም ውኃ ነው፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል።

ልምምድ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። በመረብ በታጠረ መለማመጃ ውስጥ ኦቨር መቀያየር የለም፤ ኳስ በኳስ ላይ ይመጣል፤ ወርዋሪውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ በግጥሚያ ከሚደርሱት 24 ኳሶች በላይ ሊወረውር ይችላል። ስለዚህ ለግጥሚያ የተያዘውን የደቂቃ ግምት ወደ መረብ ልምምድ ማዛወር ያሳንሳል፤ እዚያ የተወረወሩትን ኳሶች ቆጥሮ መነሳት ነው። የተገኘውንም ወደ ቅርብ 50 ማጠጋጋት፤ 674ን 650 ማለት ይበቃል።