ውሃው የሚሥለው ጥፍር

የጥፍር ቀለም ውሃ ላይ አንጠባጥቤ፣ በስቴኪኒ ሥዬበት፣ ጣቴን በመንከር ለጥፍሬ የእብነ በረድ መልክ ለመስጠት ለመጀመሪያ ጊዜ በሞከርኩበት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደክሜ ያተረፍኩት እስከ መገጣጠሚያው በሰማያዊ ቀለም የተለቀለቀ ጣት ብቻ ነበር። እጄ ለሥዕል ያልተፈጠረ በመሆኑ ነው ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ የተጠቀምኩበት ውሃ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የጥፍር ቀለም ኒትሮሴሉሎስ የተባለው ሽፋን የሚሠራ ንጥረ ነገር እንደ ኢቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት ባሉ ቶሎ በሚተኑ ፈሳሾች ሟምቶ የሚዘጋጅ ነው። የእነዚህ ፈሳሾች የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጻቸውን ወጥሮ የሚይዘው ኃይል፣ ከውሃው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጠብታው ውሃ ላይ ሲያርፍ በዙሪያው ያለው ውሃ ወደ ዳር ይስበውና በቅጽበት ሰፊ ክብ ይሆናል። ክስተቱ እ.ኤ.አ. በ1865 ባጠናው ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ በካርሎ ማራንጎኒ ስም ይጠራል። ውሃው ከቀዘቀዘ ቀለሙ ይወፍርና ሳይዘረጋ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ከሞቀ ደግሞ አሟሚው ፈጥኖ ይተንና ስቴኪኒውን ሳናነሣ እንደ ቆዳ ያለ ስስ ሽፋን ያበጃል። ስለዚህ የምጠቀመው ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ድረስ አስቀድሜ ቀድቼ ያቆየሁትን ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የቱርኮች የወረቀት ጥበብ ኤብሩም ቀለምን በፈሳሽ ላይ አንሳፍፎ የሚሠራ ቢሆንም፣ ጠቢባኑ ውሃውን ስለሚያወፍሩት ቀለሙ ረግቶ ይጠብቃቸዋል። እኛን ግን ተራው ውሃ የሚታገሠን ለጥቂት ሰከንዶች ነው።

በዚህ ምክንያት ዝግጅቱ ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ጥፍሩ ነጭ ተቀብቶ ፈጽሞ ይደርቃል፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል ወይም በስኮች ይሸፈናል፤ የቀለም ጠርሙሶቹም ክዳናቸው ላልቶ ይደረደራሉ። ዕቃው የብርጭቆ ወይም የወረቀት ኩባያ ቢሆን ይመረጣል። ጄል የሚባለው ቀለም የሚጠነክረው በመብራት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከርሞ የወፈረ ቀለምም እንዲሁ አይዘረጋም።

ጠብታው ከውሃው ገጽ ጥቂት ብቻ ከፍ ተብሎ መጣል አለበት፤ ከሩቅ ከወደቀ ይሰምጣል። ሁለተኛው ቀለም በመጀመሪያው መካከል፣ ሦስተኛው በሁለተኛው መካከል እየተጣለ ስድስት ያህል ክቦች ሲሠሩ፣ ስቴኪኒው ከውጭኛው ቀጥሎ ካለው ክብ ጀምሮ ወደ መሃል ይሳባል። የውጭኛው ክብ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከተነካ ሥዕሉን በሙሉ ጎትቶ ይሰበስበዋል፤ እኔ ይህን ስሕተት ከአንድ ጊዜ በላይ ፈጽሜዋለሁ። በእያንዳንዱ ስበት መካከል የስቴኪኒውን ጫፍ መጥረግም ግድ ነው። ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ «ላሳምረው» ማለት ቀለማቱን ወደ ጭቃ መልክ ይለውጣቸዋል። በእኔ አስተያየት ነጭና አንድ ጠቆር ያለ ቀለም ከአምስት ቀለም ድብልቅ እጅግ ይበልጣሉ።

ጣቱ የሚገባው የጥፍሩ ገጽ ወደ ውሃው ተመልሶ፣ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ጣቱን ወዲያውኑ ካወጡት በውሃው ላይ የቀረው የቀለም ቆዳ በሥዕሉ ላይ ተደርቦ ይለጠፋል። ስለዚህ ጣቱ ከውሃው ሥር እንዳለ ተንሳፋፊውን ቅሪት በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጠቅልሎ ማንሣትና ገጹ ሲጠራ ብቻ ጣቱን ማውጣት ያስፈልጋል። በጥፍሩ ላይ የቀሩት የውሃ ነጠብጣቦች ሳይታሹ በጨርቅ ጠርዝ ይመጠጣሉ፤ ሲደርቅ ቀለም አልባው አንጸባራቂ ይደረብበታል፤ በቆዳው ላይ የተረፈው ደግሞ ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን በተነከረ ቀጭን ብሩሽ ይጠረጋል።

ለእያንዳንዱ ጣት አዲስ ሥዕል ስለሚያስፈልግ ዐሥሩ ጥፍሮች አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ቀለምም በብዛት ይባክናል። ስለዚህ አሁን አሁን በሁለቱ የቀለበት ጣቶቼ ላይ ብቻ እሠራና የቀሩትን በአንድ ቀለም እቀባለሁ። አሟሚዎቹም ሆኑ አሴቶኑ እሳት በቀላሉ ስለሚይዛቸው መስኮት ከፍቼ፣ ከሻማና ከምድጃ ርቄ እቀመጣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ውሃውን ከመድፋቴ በፊት የቀለሙን ቆዳ በስቴኪኒ ሰብስቤ ወደ ቆሻሻ መጣያ እጥለዋለሁ፤ አለዚያ በመታጠቢያው ቀዳዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።