የእሁድ ሬዲዮ፣ ማርሹ እና የዲሲ ሐበሻ

ዋሽንግተን ዲሲ በገባሁ ሰሞን ሳምንቱን ሙሉ ፓርኪንግ እየሠራሁ እሁድ እሁድ ደግሞ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም ላይ በነፃ አግዝ ነበር። ሥራዬ ሚክሰሩ ጋ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። ጊዜው የ1997ቱ ምርጫ ማግስት ነው፣ አገር ቤት ሰው እየታሰረ እየተገደለ እዚህ ደግሞ አንዱ ሳምንት ኋይት ሃውስ ፊት ለፊት ሌላው ሳምንት ስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ ሰልፍ ነው፣ ሰልፍ የሌለ ቀን ፓልቶክ ላይ (ኢንተርኔት ላይ ሰው በድምፅ የሚወያይበት ክፍል ነው) እስከ ሌሊት ጭቅጭቅ ነው። ሬዲዮው የዚህ ሁሉ ማገዶ አቀባይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አሠራሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጣቢያው የኛ አይደለም፣ ሰዓት የሚሸጥ ኤኤም ጣቢያ ነው፣ ከኛ በፊት የስፓኒሽ ሰባኪ አለ፣ ከኛ በኋላ ሌላ አለ። አዘጋጁ ጋሼ (ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላቸው) ሰዓቱን ከኪሳቸው ይገዙና በማስታወቂያ ሊያካክሱ ይሞክራሉ፣ ሬስቶራንት፣ ትራቭል ኤጀንት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ ጋራዥ ምናምን። ስለዚህ ስለታሰሩ ጋዜጠኞች የተጻፈ ግጥም ገና አንጀታችሁን እየበላው "ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ በቅናሽ ዋጋ" ትባላላችሁ። ሰው ይስቅብን ነበር ግን ቲኬት ሻጩ ባይኖር ግጥሙም አይኖርም።

ሌላው ጉድ ፀሐይዋ ናት። የኤኤም ሞገድ ማታ ማታ ከላይኛው አየር እየነጠረ ስንትና ስንት ስቴት አቋርጦ ይሄዳል፣ እና ሌላ ቦታ ያለ ጣቢያ እንዳይረብሹ አንዳንዶቹ ፈቃዳቸው የቀን ብቻ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ። ዲሴምበር ላይ ዲሲ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጥልቅ ትላለች፣ እና ዊንተር ላይ አብዮቱ በጊዜ ነው የሚያልቀው። "ትግሉ ይቀጥላል" ብለው ሳይጨርሱ ጭጭ ያልንበት ቀን ነበር።

ፕሮግራሙ ሁሌ በዋሽንት ይከፈታል፣ ዜና፣ ከዛ ትንታኔ፣ ከዛ ግጥም፣ መጨረሻ ላይ ስልክ። ትንታኔውን ማንም አያስታውሰውም፣ እውነቴን ነው፣ ስንት ዶክተር መጥቶ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አውርቶ ሄዷል፣ ማክሰኞ ዕለት ጋዝ ስቴሽን የማገኘው ሰው ግን የሚያወራኝ ስለ ግጥሙ ነው። አንድ ባለ ታክሲ አየር ላይ ደውሎ ያነበባትን እስከዛሬ በቃሌ አውቃታለሁ፦

ሰዉን ካሻው ቦታ ማድረስ ነው ሥራዬ፣
እኔን ማን ያድርሰኝ ከእናት ጎጆዬ።

እሷን ሲል ከስር ማሲንቆ ለቀቅኩለት፣ በነጋታው ኤርፖርት ያሉት ባለ ታክሲዎች ሁሉ ይሏት ነበር አሉ።

አሁን ወደ ማርሹ ልምጣ፣ የመኪና ማርሽ አይደለም፣ የወታደር ሰልፍ ሙዚቃ ነው። ግጥም ከስሩ በገና ሲኖረውና ማርሽ ሲኖረው ሁለት የተለያየ ፖለቲካ ነው። በገና ከሆነ ሰው ያለቅሳል፣ ቀረርቶ ወይ ማርሽ ከሆነ ስልኩ አምስቱም መስመር ቦግ ቦግ ይላል። እኔ ወጣት ስለሆንኩ የምወደው ቦግ ቦግ የሚለውን ነው። አንድ እሁድ በደርግ ጊዜ የተቀዳ የጦር ማርሽ ጋሼ ራሳቸው መርጠው ከአንድ የአድማጭ ግጥም ስር ለቀቅነው፣ ግጥሙ አለቀና ማስታወቂያ ገባ፣ እኔም ስልክ አነሳሁ።

እትዬ ነበሩ፣ ዘወትር ደዋያችን። "አየር ላይ እንዳታስገባኝ" አሉኝ። "የኔ ልጅ፣ አንተ አታውቀውም፣ በ70 እንዲህ ያለውን ዘፈን ከፍተው ነበር እርምጃ የተወሰደባቸውን ስም የሚያነቡት። የወንድሜን ስም እንደዚያ ነው የሰማሁት፣ ወጥ እያማሰልኩ።" ምን ልበላቸው፣ "እሺ እትዬ" ብዬ ዘጋሁ። የሚቀጥለው መስመር ላይ ደግሞ የቀድሞ ሠራዊት የነበረ ሰውዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ አለው፣ ያውም ስፖንሰራችን ነው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ "ምነው ቆረጣችሁት፣ እኔ እኮ በዚህ ማርሽ ነው ካራማራ የወጣሁት" ይለኛል። የካቲት 26 ቀን 1970 ሶማሌን ከካራማራ ሲያስለቅቁ እዛ የነበረ ሰው ነው፣ ጓደኞቹን እዛ ጥሎ የመጣ። ያው ማርሽ፣ ያው ዓመት እኮ ነው! ሁለቱ ቤታቸው በአውቶብስ 15 ደቂቃ አይራራቅም።

ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ዝም አሉ። እሳቸው ራሳቸው የ66 ተማሪ ናቸው፣ "ፋኖ ተሰማራ፣ እንደ ሆ ቺ ሚን እንደ ቼ ጉቬራ" እያሉ ሰልፍ የወጡ፣ አብረዋቸው የዘፈኑት ደግሞ ገሚሱ ኢሕአፓ ገሚሱ መኢሶን ሆኖ ሲጋደል ያዩ። እናታቸው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ላይ መዝሙር ይሰሙ ነበር፣ በ69 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ፣ እናትየው ከዛ በኋላ ያንን ሬዲዮ ጨርቅ አልብሰው አስቀመጡት። በረሃ ያሉትም ቢሆኑ ያው ናቸው፣ የሻዕቢያው ድምፂ ሓፋሽ ከ71 ጀምሮ፣ ድምፂ ወያኔ ከ77 ጀምሮ በዜናው መሃል የታጋይ ዘፈን እየከተቱ ነው ስንቱን ልጅ ወደ ትግል የጠሩት። እኛ ያኔ የምንቃወመው መንግሥት ራሱ በዘፈንና በሬዲዮ ተጠርቶ የመጣ ነበር እኮ፣ ለዛም መሰለኝ ሬዲዮ ይፈራ የነበረው፣ በ2002 አቶ መለስ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት እናፍናለን ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

ብቻ ከዛ እሁድ በኋላ ጋሼ ማርሽ ከለከሉ። ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ በገና ብቻ። ባለ ጋራዡ ማስታወቂያውን አነሳ። እትዬም ቢሆኑ ደስ አላላቸውም፣ "ለኔ ብላችሁ ነው እንዴ፣ እኔ ሌላው እንዳይሰማ አላልኩም" አሉ። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እስከዛሬ በጋሼ ውሳኔ አልስማማም። ማርሹን ከፍቶ ታሪኩን ሁለቱም አየር ላይ እንዲያወሩት ማድረግ ይቻል ነበር። ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ለቅሶ ቤት ሆነ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ወጣት አይመጣም።

አንድ ቀን ግን ልክ ነበሩ። ጥቅምት 1999 ላይ፣ ከምርጫው በኋላ የተፈጸመውን ግድያ እንዲያጣራ መንግሥት ራሱ ካቋቋመው ኮሚሽን አባላት ውስጥ ከአገር የወጡት የተገደለው ሰው 193 ነው ብለው ሲናገሩ፣ ጋሼ ቁጥሩን አነበቡና እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ፣ ምንም እንዳትከፍት ማለታቸው ነው። ዋሽንትም አይደለም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ብልሽት ማለት ነው፣ አማርኛ የማይሰማው ፈረንጅ ኢንጂነር ማሽኑ የሞተ መስሎት ቡናውን እንደያዘ ዘሎ ገባ። ጋሼ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ሰውዬው ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ማን እንደነገረው እንጃ።

አሁን ይሄ ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ቲክቶክ ላይቭ ላይ አገር ቤት ሄዶ የማያውቅ ልጅ ሽለላ ከፍቶ ግጥም ያነባል፣ ስጦታ ይዘንብለታል፣ ከስሩ የከፈተው ዘፈን በማን ጊዜ ለማን እንደተዘፈነ የሚያውቅ የለም፣ ቢያውቅም መስመር ይዞ "አየር ላይ እንዳታስገባኝ" የሚል ሰው በየት በኩል ይደውላል? ቅር የሚለኝ እሱ ነው እንጂ ልጆቹ ከኛ የባሱ ሆነው አይደለም።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ሚኒ ዲስኮቹን በካርቶን ሰጥተውኝ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፣ ማስታወቂያዎቹንም ሳልቆርጥ። ባለፈው ደውለው ስለ ፖለቲካ ያወሩኛል ብዬ ስጠብቅ "ያ የጋራዡ ሰውዬ የመጨረሻውን ወር ከፍሎን ነበር እንዴ?" አሉኝ። አልከፈለም።